መሣሪያ ላኩ፣ አትላኩ፦ ከክርክሩ ሥር ያለው ሥራ

አንድ የ155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ተተኳሽ ከመጋዘን ሲወጣ ወደ 45 ኪሎ ይመዝናል። ስምንት ስምንቱ በአንድ የእንጨት ማጓጓዣ ላይ ቆመው በብረት ቀበቶ ይታሰራሉ። ጫፉ ላይ ፊውዝ (ተተኳሹን የሚያፈነዳው ክፍል) የለውም፤ በፊውዙ ቦታ ማንሻ ቀለበት ያለው የብረት መድፈኛ ተጠምዝዞበታል። እንዲህ እንዳለ ለመተኮስ አይሆንም። መድፈኛው ተፈቶ ፊውዝ ይገጠምለታል፣ ከኋላው ባሩድ ይገባል፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ማቀጣጠያም በመድፉ መዝጊያ በኩል ይገባል። አራቱ ዕቃዎች የሚሠሩት በተለያዩ ፋብሪካዎች ነው፤ የሚጓዙትም በተለያየ ሳጥን ነው። ከአራቱ አንዱ ከዘገየ የቀሩት ሦስቱ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

«ጦርነት ላይ ላለ ሀገር መሣሪያ እንስጥ ወይስ አንስጥ?» የሚለው ክርክር ይህን ሳጥን ከፍቶ አያይም። አንዱ ወገን ራስን መከላከል መብት ነው ይላል፤ ሌላው እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ውሳኔ የሚያወሩ ይመስላቸዋል። በእኛ ግምት የክርክሩ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ መላክ ዓመታት የሚፈጅ የውሳኔ ሰንሰለት ነው። የጦር ሜዳውን ውጤት የሚወስነውም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው «አዎ» ሳይሆን ከዚያ ወዲህ የሚከተሉት ትንንሽ ፈቃዶችና እምቢታዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከየት ተነሥቶ ነው የሚላከው?

መሣሪያ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከላኪው ጦር መጋዘን፣ ከፋብሪካ በአዲስ ትእዛዝ፣ ወይም ከሦስተኛ ሀገር ተገዝቶ። መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ በቀናት ወይም በሳምንታት ይደርሳል። በአዲስ ውል የሚሠራ የአየር መከላከያ ሚሳኤል ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ዜናው ሁለቱንም በአንድ ቃል «ርዳታ» ብሎ፣ ከጎኑ የቢሊዮን ቁጥር አስቀምጦ ያልፋል። አንባቢው ዛሬ አውሮፕላን ላይ የተጫነውን ዕቃና ከሁለት ዓመት በኋላ ከፋብሪካ የሚወጣውን ለይቶ አያውቅም።

የአሜሪካን አሠራር ብንወስድ፣ በ1961 የወጣው የውጭ ርዳታ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ከራሱ ጦር ክምችት አንሥቶ ለሌላ ሀገር እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። መደበኛው ጣሪያ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለዩክሬን ሲባል ኮንግረስ ጣሪያውን ለ2022 የበጀት ዓመት ወደ 11 ቢሊዮን፣ ለ2023 ደግሞ ወደ 14.5 ቢሊዮን ከፍ አድርጎት ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ለፋብሪካዎች አዲስ ትእዛዝ የሚሰጥበት የተለየ በጀት አለ። ሦስተኛው ገንዘብ ደግሞ ከመጋዘን የወጣውን ለመተካት የሚውለው ነው። «ይህን ያህል ቢሊዮን ለእገሌ ሀገር ተሰጠ» ሲባል ከገንዘቡ ትልቅ ድርሻ ከላኪው ሀገር ወሰን አይወጣም፤ እዚያው ያለ ፋብሪካ ሠራተኛ ይቀጥርበታል፣ ብረት ይገዛበታል። ይህን ደጋፊዎቹ እንደ መከራከሪያ ይጠቀሙበታል። ተቃዋሚዎቹም ይጠቀሙበታል፤ «ለዚህ ነው ጦርነቱ እንዲያበቃ የማይፈለገው» ይላሉ። ሒሳቡ ግን ለሁለቱም ያው ነው።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ደረቅ ሐቅ አይደለም። በጁን 2023 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለዩክሬን የሰጠውን መሣሪያ በ6.2 ቢሊዮን ዶላር አስበልጦ መዝግቦ እንደነበር አስታወቀ። የጠፋ ገንዘብ አልነበረም። ሃያ ዓመት መጋዘን የተቀመጠን ዕቃ ባለው ዋጋ መገመት ሲገባ፣ አዲሱን ለመግዛት በሚያስፈልገው ዋጋ ገምተውት ነው። እርማቱ ሲደረግ፣ ጣሪያው ሳይነካ ተጨማሪ 6.2 ቢሊዮን የሚያወጣ ዕቃ ለመላክ ቦታ ተገኘ። ስለዚህ ሁለት ሀገሮች የሰጡትን ርዳታ በዶላር ከማወዳደር በፊት እያንዳንዳቸው ዕቃውን በምን ዋጋ እንደመዘገቡት መጠየቅ ይገባል። አንዱ አሮጌ ታንኩን በአዲስ ዋጋ ጽፎት፣ ሌላው በብረታ ብረት ዋጋ ጽፎት ሊሆን ይችላል።

ቃሉና ፋብሪካው

ወደ ተተኳሹ እንመለስ። የብረት ግንዲላ ተቆርጦ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይጋልና በመጭመቂያ ተወግቶ የኩባያ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ይሳባል፣ አፉ ይጠብባል፣ እንዲጠነክር እንደገና ግሎ ይቀዘቅዛል፣ ይሞረዳል። ከታች ወገቡ ላይ ለስላሳ የመዳብ ቅይጥ ቀለበት ይታሰርለታል። ይህ ቀለበት በአፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ይዞ ተተኳሹን እያሽከረከረ የሚያወጣው ነው፤ እሱ ካልተስተካከለ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል። በአሜሪካ ቀፎው ከሚሠራባቸው ቦታዎች ዋናው በፔንሲልቬኒያ ስክራንተን የሚገኘው ፋብሪካ ነው። ፈንጂው የሚሞላው ግን አዮዋ ነው። እዚያ ፈንጂው ቀልጦ ይፈስበታል፣ ቀስ ብሎ እንዲረጋ ይደረጋል፣ ከዚያ ራጅ ይነሣል። ራጁ የሚያስፈልገው ውስጡ አየር የያዘ ክፍተት ወይም ስንጥቅ ካለ ሲተኮስ በሚደርስበት ድንገተኛ ግፊት እዚያው አፈሙዝ ውስጥ ሊፈነዳ ስለሚችል ነው።

ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር አሜሪካ በወር የምታመርተው ተተኳሽ ወደ 14 ሺህ ገደማ ነበር። የዩክሬን መድፈኛ ጦር ውጊያው ሲፋፋም በቀን በሺዎች ይተኩስ ነበር። የአንድ ወር ምርት በጥቂት ቀን ያልቃል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በማርች 2023 በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተተኳሽ እንደሚያቀርብ ቃል ገባ፤ ቀነ ገደቡ ሲደርስ የተሞላው ግማሽ ያህሉ ነበር። ቃሉ በውሸት የተገባ አይመስለንም። ገንዘቡ ነበረ። የጠበበው ከፋብሪካው በስተጀርባ ያለው ነው፤ ባሩድ የሚሠራበት ናይትሮሴሉሎስ፣ ፈንጂው፣ መጭመቂያ ማሽኑ፣ የሠለጠነ ሰው። አሜሪካ ቲኤንቲ የተባለውን ፈንጂ ማምረት ካቆመች ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ፣ በተለይ ከፖላንድ ትገዛ ነበር። ኬንታኪ ውስጥ አዲስ የቲኤንቲ ፋብሪካ ለማቋቋም የ435 ሚሊዮን ዶላር ውል የተፈረመው በኖቬምበር 2024 ነው።

በትከሻ የሚተኮሰው የስቲንገር ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤልም ታሪኩ ይመሳሰላል። ጦሩ ለዓመታት አዲስ ስላላዘዘ ማምረቻው ተቀዛቅዞ ነበር። ትእዛዙ ሲመጣ አንዳንዶቹ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ከገበያ ጠፍተዋል፤ አምራቹ ዕቃው መጀመሪያ ሲሠራ የነበሩ ጡረተኛ መሐንዲሶችን ጠርቶ ወጣቶቹን እንዲያስተምሩለት አደረገ።

በዚህ ላይ ጥገና አለ። የመድፍ አፈሙዝ ከጥቂት ሺህ ተኩስ በኋላ ውስጡ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ጥይቱ ይንሸራተታል፣ ዒላማው ይሰፋል። በ2022 ለዩክሬን ከተሰጡት የምዕራባውያን መድፎች ብዙዎቹ ለጥገና ድንበር ተሻግረው ፖላንድ ይገቡ ነበር። የተሰጠው መድፍ 100 ከሆነ በማንኛውም ቀን ግንባር ላይ የሚተኩሰው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። «155 ሚሊ ሜትር» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም የየሀገሩ ተተኳሽ ክብደቱና የባሩዱ ጉልበት ይለያያል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ የተኩስ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ከአሥር ሀገር የመጣ ተተኳሽ የተደባለቀበት የመድፍ ምድብ በመጀመሪያ የሚያጣው ትክክለኛነቱን ነው። ከሁሉም የሚረሳው ይህ ነው፤ ታንክ ሲሰጥ ካሜራ ይመጣል፣ የታንኩ ማጣሪያና ማፍሰስ የሚከላከለው ጎማ ሲላክ ግን የሚቀርጸው የለም።

ዕቃው የኔ ነው፣ ፈቃዱ የሌላ ሰው

መሣሪያ የገዛ ሀገር ዕቃውን እንደ ልቡ አያደርገውም። ሲገዛ «የመጨረሻ ተጠቃሚ ምስክር ወረቀት» ይፈርማል። ወረቀቱ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ለምን እንደሚውል ይገልጻል፤ አብዛኛውን ጊዜም «ያለ ሻጩ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አላስተላልፍም» የሚል ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ ዕቃው እስካለ ድረስ ይኖራል።

እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ለማየት በ2022 መጀመሪያ የሆነውን መውሰድ ይበቃል። ኤስቶኒያ ለዩክሬን ዲ-30 የሚባሉ የ122 ሚሊ ሜትር መድፎች ልትሰጥ ፈለገች። መድፎቹ ድሮ የምሥራቅ ጀርመን ጦር ንብረት ነበሩ። ምሥራቅ ጀርመን ፈርሳ ንብረቷ ለተዋሐደችው ጀርመን ሲያልፍ፣ ጀርመን ለፊንላንድ ሰጠች፣ ፊንላንድ ለኤስቶኒያ አስተላለፈች። የመጀመሪያው ባለቤት ሀገር ከካርታ ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ፈቃዱ ግን በርሊን ጠረጴዛ ላይ ነበር። በርሊንም ፈቃዱን ያዘች፤ የለቀቀችው ሩሲያ ከወረረች በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 26 ነው። ጀርመን ሠራሹ ሊዮፓርድ 2 ታንክም እንዲሁ ነበር፤ ፖላንድና ሌሎች ከራሳቸው ሊሰጡ ሲፈልጉ የበርሊንን ይሁንታ እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን 2023 መጠበቅ ነበረባቸው።

የስዊዘርላንዱ ይበልጥ ያስገርማል። ጀርመን ጌፓርድ የተባለውን ፀረ አውሮፕላን ተሽከርካሪ ለዩክሬን ሰጠች። የመድፉ የ35 ሚሊ ሜትር ጥይት ከስዊዘርላንድ የተገዛ ስለነበር ወደ 12,400 ጥይት ለመላክ የበርንን ፈቃድ ጠየቀች። የስዊዘርላንድ ሕግ ጦርነት ላይ ላለ ሀገር መሣሪያ መላክን ስለሚከለክል መልሱ በተደጋጋሚ እምቢ ሆነ። ጀርመን ውስጥ አዲስ የማምረቻ መስመር ተዘርግቶ የመጀመሪያው ጥይት የተላከው በሴፕቴምበር 2023 ነው። ስዊዘርላንድ የገለልተኝነት ሕጓን ጠበቀች፤ በዚያው ልክ አንዳንድ የአውሮፓ ገዢዎች ከስዊዘርላንድ ጥይት መግዛት ያዋጣን ይሆን ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ወረቀቱ የሚከበርበት ይህን ይመስላል። የማይከበርበት ደግሞ አለ። በሴፕቴምበር 25 ቀን 2008 የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች «ፋይና» የምትባል መርከብ ያዙ። ሲከፍቷት 33 ቲ-72 ታንኮች ተገኙ። ወረቀቱ ተቀባዩ የኬንያ መከላከያ ሚኒስቴር እንደሆነ ይናገራል፤ የውል ቁጥሮቹ ላይ ግን በእንግሊዝኛ የ«ደቡብ ሱዳን መንግሥት» ምሕጻር የሚመስሉ አራት ፊደላት አሉ። የኬንያ ባለሥልጣናት ፊደሎቹ የራሳቸው ጦር የአንድ ክፍል ምሕጻር ናቸው አሉ። ኋላ አፈትልከው የወጡ የዲፕሎማሲ መልእክቶች መድረሻው ደቡብ ሱዳን እንደነበር አሳዩ። መርከቧ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎባት በፌብሩዋሪ 2009 ተለቀቀች። ወንበዴዎች ባይኖሩ ኖሮ እነዚያን ፊደሎች የሚያነብ ላይገኝ ይችል ነበር።

ዕቃው ምን ያህል ፈጥኖ ከእጅ እንደሚወጣ ደግሞ በኢራቅና በሶርያ ከአይኤስ የተማረኩ መሣሪያዎችን ቁጥር በቁጥር የመዘገቡ ባለሙያዎች አሳይተዋል። ኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች የተባለው ተቋም በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በአውሮፓ ኅብረት ሀገር የተመረተ አንድ ፀረ ታንክ ሮኬት ለአሜሪካ ተሽጦ፣ ሶርያ ውስጥ ላለ ቡድን ተላልፎ፣ ከፋብሪካ በወጣ በሁለት ወር ውስጥ አይኤስ እጅ መግባቱን ተከታትሎ ደርሶበታል። በ2014 ሞሱል ስትወድቅ ደግሞ ማስተላለፍ እንኳ አላስፈለገም፤ የኢራቅ ጠቅላይ ሚኒስትር በኋላ እንደተናገሩት 2,300 ሃምቪ ተሽከርካሪዎች በአንዴ ለአይኤስ ቀርተዋል።

ክፍተቱ አንዳንዴ ማዕቀቡ ራሱ ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሱዳን የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ከ2004 ጀምሮ ያለ ቢሆንም የሚሸፍነው ዳርፉርን ብቻ ነው። ካርቱም የገባ መሣሪያ ማዕቀቡን አልጣሰም፤ ከካርቱም ዳርፉር ሲደርስ ይጥሳል፤ በመካከሉ ያለውን መንገድ የሚቆጣጠር የለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኖቬምበር 2024 ሱዳን ውስጥ በኤምሬትስ የተሠሩ ጋሻ ለበስ ተሽከርካሪዎች ላይ የፈረንሳይ መከላከያ መሣሪያ ተገጥሞ ማግኘቱን አስታውቋል። ፈረንሳይ ተሽከርካሪ ለሱዳን አልሸጠችም፤ አንድ ክፍል ለሌላ ሀገር ሸጣለች። ዛሬ ብዙው መሣሪያ የሚጓዘው እንዲህ ተገጣጣሚ ሆኖ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

«መሣሪያ ሰጪው የጦርነቱ ተካፋይ ነው» የሚለው አነጋገር በሕግ ፊት እንዲህ ቀላል አይደለም። የ1907ቱ የሄግ ስምምነቶች ገለልተኛ መንግሥት ለተፋላሚ ወገን የጦር መርከብም ሆነ ጥይት እንዳይሰጥ ይከለክላሉ። የግል ነጋዴ ቢሸጥ ግን መንግሥቱ የመከልከል ግዴታ የለበትም ይላሉ። ይህ ልዩነት በዚያን ዘመን ትርጉም ነበረው፤ ዛሬ የግል ፋብሪካም ያለ መንግሥት ፈቃድ አንድ ሳጥን ስለማያወጣ ውሃ አያነሳም። ከ1945 ወዲህ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 የተጠቃ ሀገር በግልም በጋራም ራሱን የመከላከል መብት አለው ይላል። «በጋራ» የሚለው ቃል የተጠቃውን መርዳትን ይፈቅዳል።

አማፂን ማስታጠቅ ሌላ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1986 በኒካራጓና በአሜሪካ ጉዳይ ላይ ሲፈርድ የኒካራጓን መንግሥት ይወጉ የነበሩትን የኮንትራ አማፂያን ማስታጠቅና ማሠልጠን ኃይል መጠቀምን የሚከለክለውን ሕግ መጣስ ነው አለ፤ ገንዘብ ብቻ መስጠት ግን ጣልቃ ገብነት ቢሆንም ኃይል መጠቀም አይባልም። መሣሪያ መስጠት ብቻውን ደግሞ «የትጥቅ ጥቃት» አይሆንም፤ ስለዚህ የተበደለው ሀገር ሰጪውን ለመደብደብ ምክንያት አያደርገውም። ሦስቱ ደረጃዎች በክርክር ውስጥ ሁልጊዜ ይደበላለቃሉ።

ሰጪው ተቀባዩ በሚፈጽመው ነገር የሚጠየቅበት ሕግ በ2013 በጠቅላላ ጉባኤው በ154 ድምፅ ድጋፍና በ3 ተቃውሞ የጸደቀው የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት ነው። ሥራ ላይ የዋለው በዲሴምበር 24 ቀን 2014 ነው። አንቀጽ 6 መሣሪያው ለዘር ማጥፋት፣ በሰብአዊነት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ወይም በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለሚደረግ ጥቃት እንደሚውል እያወቁ መፍቀድን ፈጽሞ ይከለክላል። አንቀጽ 7 ደግሞ ላኪው አደጋውን እንዲመዝን ያዛል፤ አደጋው «ካመዘነ» ይከለክላል። ጠበቆች የሚጣሉት በዚህች ቃል ላይ ነው፤ ከምን አንጻር ያመዘነ? ሚዛኑን የሚይዘው ራሱ ሻጩ ነው። አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችም፣ በ2019ም ፊርማዋን እንደማትከተል አስታወቀች፤ ሩሲያና ሕንድ አልገቡበትም፤ ቻይና በ2020 ገብታለች።

ፍርድ ቤቶች ሲገቡበት የሚጠይቁት ከፖለቲከኞቹ የጠበበ ጥያቄ ነው። በጁን 2019 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሳዑዲ ዓረቢያ የሚሸጠውን መሣሪያ ሲመረምር «ሽያጩ ክፉ ነው» አላለም። መንግሥት ወደፊት ያለውን አደጋ ሲገምት ከዚያ በፊት የመን ውስጥ የተፈጸሙት ድብደባዎች ሕግ የጣሱ ነበሩ ወይስ አልነበሩም ብሎ ለመመርመር እንኳ አልሞከረም፤ ጥፋቱ ይህ ነው አለ። በዓመቱ መንግሥት መርምሮ «የተነጣጠሉ ክስተቶች ናቸው» በማለት ሽያጩን ቀጠለ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የሄግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የኤፍ-35 ተዋጊ ጄት መለዋወጫ ከኔዘርላንድስ ወደ እስራኤል እንዳይላክ አዝዞ ሰባት ቀን ሰጠ፤ መንግሥትም ይግባኝ አለ። እንግሊዝ በሴፕቴምበር 2024 ከ350 ገደማ ፈቃዶች ወደ 30 የሚሆኑትን ስታግድ የኤፍ-35ን መለዋወጫ ለይታ ከእገዳው ውጭ አደረገችው። የአውሮፕላኑ መለዋወጫ ሁሉም ተጠቃሚ ሀገሮች ከሚቀዱበት አንድ የጋራ ክምችት የሚወጣ ነው፤ አንዱን ሀገር ለይቶ መንሳት ሌሎቹንም ይነካል ተባለ። አንድ ቁራጭ ብረት የማን እንደሆነ የማይታወቅበት አሠራር ለፍርድ ቤትም ፈተና ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ትልልቅ ሽያጮች ለኮንግረስ በቅድሚያ ይነገራሉ፤ ለአብዛኛው ሀገር 30 ቀን፣ ለኔቶ አባላትና ለጥቂት የቅርብ ወዳጆች 15 ቀን። ኮንግረስ ሽያጭ ለመሻር ሁለቱ ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ ካደረገው ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መሻር ይጠበቅባቸዋል። በዚህ መንገድ የቆመ ሽያጭ እስከ ዛሬ የለም። በ2019 ወደ ሳዑዲና ኤምሬትስ የሚሄደውን ለመሻር ሦስት ውሳኔዎች አልፈው ሦስቱም በፕሬዚዳንቱ ውድቅ ሆነዋል። የሚሠራው ፍሬን በሕግ ያልተጻፈው ነው፤ የኮሚቴ ሊቀ መንበሮች ማሳወቂያው ከመድረሱ በፊት «ይቆየን» የሚሉት።

የክርክሩ ጠንካራና ደካማ ጎን

«መሣሪያ ጦርነት ያራዝማል» የሚለው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በቶሎ ሊሸነፍ የነበረን ወገን ካስታጠቅህ ጦርነቱ ይረዝማል፤ የማስታጠቁ ዓላማም እሱ ነው። ክርክሩ የሚደክመው አጭር ጦርነትን ከሰላም ጋር አንድ ሲያደርገው ነው። የሚበረታው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች የውጭ አቅራቢ ሲኖራቸው ነው። ያኔ ማንም ጥይት አያልቅበትም፤ እያንዳንዱ በሚቀጥለው መርከብ ሚዛኑ ወደኔ ያጋድላል ብሎ ስለሚያስብ ለድርድር የሚያስገድደው ድካም አይደርስበትም።

«ለማንም አንስጥ፣ ገለልተኛ እንሁን» የሚለውን ግን በ1935 የሆነው ይሞግተዋል። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን እያሰለፈች ሳለ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ አቆሙ፤ አሜሪካም በዚያው ዓመት ባወጣችው የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ከለከለች። ኢጣሊያ የራሷ የመድፍና የአውሮፕላን ፋብሪካ ነበራት። ኢትዮጵያ ግን ሁሉንም ከውጭ የምታስገባ፣ ዋናው መግቢያዋም በፈረንሳይ እጅ ያለው የጅቡቲ ባቡር ነበር። ክልከላው ለሁለቱም እኩል ተጻፈ፤ የተጎዳው አንዱ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ ያለው ክልከላ እንዲነሣ ያደረገው ወረራው በኦክቶበር 3 ከጀመረ በኋላ ነበር፤ መሣሪያ ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ወታደር ሠልጥኖበት ግንባር ለመድረስ ያ ጊዜ አይበቃም። ከ56 ዓመት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 713 መላ ዩጎዝላቪያ ላይ ማዕቀብ ሲጥልም የፌዴራሉ ጦር ክምችት በአብዛኛው በሰርቦች እጅ ነበር፤ የቦስኒያ መንግሥት እስከ 1995 ድረስ ማዕቀቡ እንዲነሣለት ሲጮህ ኖረ።

ከሁሉም የሚከፋው ግን በግማሽ መስጠት ነው ብለን እናስባለን። ለዩክሬን ረጅም ርቀት ሮኬት፣ ታንክ፣ ተዋጊ ጄት፣ በመጨረሻም ሩሲያ ውስጥ በአሜሪካ ረጅም ርቀት ሚሳኤል መምታት፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ «አይሆንም፣ ጦርነቱን ያሰፋዋል» ተብሎ ነበር፤ እያንዳንዱ በኋላ ተፈቅዷል። ሮኬቱ በ2022 ጁን፣ ታንኩ በ2023፣ ኤፍ-16 በ2024 ኦገስት፣ ፈቃዱ በ2024 ኖቬምበር። ፍርሃቱን መናቅ አይገባም፤ ጦርነቱ ከባለ ኑክሌር ሀገር ጋር ነው። ነገር ግን ለወራት በአደባባይ የተከራከሩበት መሣሪያ ሲደርስ ተቃራኒው መጋዘኑን ወደ ኋላ ስቧል፣ አውሮፕላኖቹን አርቋል፣ መከላከያ ሠርቷል። ኮንግረስ 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የያዘውን ጥቅል ከ2023 መጸው እስከ ኤፕሪል 2024 ሲያጓትተው በጥይት እጥረት የተመታችው የዩክሬኗ ከተማ አቭዲቭካ በፌብሩዋሪ ወድቃለች። ላኪው ዘግይቶ የከፈለው ዋጋ ያው ነው፤ ያገኘው ግን አነሰ።

የተጠያቂነቱ ጥያቄ በስብርባሪ ነው የሚጀምረው። በኦገስት 9 ቀን 2018 የመን፣ ዳህያን ላይ በተመታው የትምህርት ቤት አውቶቡስ 40 ሕፃናትን ጨምሮ 51 ሰዎች ሞቱ። በስፍራው ከተገኘው የብረት ቁራጭ ላይ የአምራቹ መለያ ቁጥር ተነበበና ቦምቡ አሜሪካ ሠራሽ መሆኑ ታወቀ። መለያው የተቀረጸው ለመጋዘን ቆጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላኪው «የት እንደደረሰ አላውቅም» ለማለት ይቸገራል።

በጁላይ 2023 አሜሪካ ለዩክሬን ክላስተር ጥይት ለመስጠት ስትወስን ክርክሩ ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ ተሰበሰበ። ይህም 155 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከውጭ ሲታይ ከመጀመሪያው ተተኳሽ ብዙም አይለይም። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ ኤም 864፣ ውስጡ 72 ትንንሽ ቦምቦች ይዟል። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ከሚልካቸው ውስጥ ሳይፈነዳ የሚቀረው ከመቶ 2.35 አይበልጥም አለ። ይህን ቁጥር ብንቀበለው እንኳ ከእያንዳንዱ ተተኳሽ አንድ ወይም ሁለት ሣር ውስጥ ይቀራል ማለት ነው፤ ጥይቱ ደግሞ የሚተኮሰው በሺዎች ነው። ዩክሬን ስትቀበል ከተማ ውስጥ ላለመተኮስና የተኮሰችበትን ቦታ መዝግባ ለማቆየት በጽሑፍ ቃል ገብታለች። ተኩሱ ሲቆም ፈንጂ አምካኞች መሣሪያቸውን ይዘው ከመግባታቸው በፊት የሚጠይቁት መጀመሪያ ያንን መዝገብ ነው።